የራስ ቤት፣ የባልንጀራ ዓይን፦ በመኖሪያ ቤት ስለሚካሄድ ብየዳ የቀረበ የሥነ ምግባር ጥያቄ

አዲስ አበባን ከሚከቡት ከተሞች መካከል ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ላይ የተዘረጉ ሲሆኑ፣ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ክልል በተቋቋመው የሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልለዋል። በዋና ከተማዋ የቤት ዋጋና ኪራይ ያልተቻለው ሰው ቤት የሚሠራውም የሚከራየውም በእነዚህ አካባቢዎች በመሆኑ የብረት ሥራ ከግንባታው እኩል ሲስፋፋ ኖሯል፤ እያንዳንዱ ቤት የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የሮቶ ማስቀመጫ፣ የደረጃ መደገፊያ ያስፈልገዋልና። ይህ ሥራ በተደራጀ ወርክሾፕ ብቻ የሚከናወን አይደለም፤ በመንገድ ዳር ሱቅ፣ በግቢ ጥግ፣ በበረንዳ፣ አንዳንዴም በያጁ ራሱ ከቤተሰቡ ጋር በሚያድርበት ክፍል ውስጥ ይካሄዳል።

ብየዳ ሁለት ብረቶችን በሚገናኙበት ጠርዝ አቅልጦ እንደ አንድ አካል ማጋጠም ሲሆን፣ በእነዚህ ከተሞች በብዛት የሚታየው የኤሌክትሪክ ብየዳ ነው። በዚህ ዘዴ በኤሌክትሮድ፣ ማለትም በኬሚካል ልባስ በተሸፈነ ቀጭን የብረት ዘንግ፣ ጫፍና በሚበየደው ብረት መካከል አርክ የሚባል የማያቋርጥ የኤሌክትሪክ ነበልባል ይፈጠራል፤ ሙቀቱም ከ5,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚያልፍ በ1,500 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጠው ብረት ወዲያው ይፈስሳል። እንዲህ ያለ እሳት ከመኝታ አጠገብ ሲለኮስ፣ የሙያ ብቻ የሚመስለው ጉዳይ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ ይሆናል፦ ሰው በገዛ ቤቱ ውስጥ ለሚፈጥረው አደጋ ተጠያቂነቱ ለማን ነው? በፈጣሪ ጥበቃ የሚታመን ሰውስ ጭንብልና ጓንት ባሰናዳ፣ መስኮት በከፈተ ቁጥር እምነቱ ይጎድላልን ወይስ ይፈጸማል?

ጥያቄውን የሚያከብደው የጉዳቱ ጠባይ ነው። ከብየዳ ጉዳቶች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በኤሌክትሪክ መያዝ ወይም በጋለ ብረት መቃጠል፣ ወዲያው ስለሚታወቁ ሰውነት ራሱ ያስተምራል፤ አእምሮን የሚያታልሉት ግን ዘግይተው የሚመጡት ናቸው። አርኩ ከሚታየው ብርሃን ጋር አልትራቫዮሌት የሚባል የማይታይ ጨረር ይረጫል፤ ይህ ጨረር ኮርኒያ የተባለውን ግልጽ የዓይን የፊት ሽፋን ያቃጥላል፤ ሆኖም ቃጠሎው በደረሰበት ቅጽበት አንዳች ሕመም አይሰማም። ሕመሙ የሚጀምረው በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ካለፉ በኋላ በመሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ ብልጭታውን ያየ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ዓይኑ አሸዋ እንደ ገባበት እየቆጠቆጠው፣ እንባው እየፈሰሰ፣ የመብራት ብርሃን እንኳ መቋቋም ተስኖት ይነቃል። ኮርኒያ ቶሎ የሚጠገን የሰውነት ክፍል ስለሆነ ስቃዩ ብዙውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ይተዋል፤ መተዉም መልሶ መዘናጋትን ያስከትላል፤ ትናንት ታሞ ዛሬ የዳነ ሰው ጉዳቱን እንደ ሥራው ልማድ ቆጥሮ ስለሚያልፈው።

ይህ ጨረር ከአርኩ በቀጥታ ብቻ አይመጣም። በኖራ ከነጣ ግድግዳና ከአዲስ ቆርቆሮ ላይ እየነጠረ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ስለሚደርስ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረ ሰው ሁሉ አመለጠ ማለት አይቻልም። በያጁ ቁጥሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጥቁር መስታወት ያለበት ጭንብል ሊያደርግ ይችላል፤ ብረቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዝለት ረዳት ግን ብዙ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ከማዞር በስተቀር መከላከያ የለውም፤ በመጋረጃ ቀዳዳ አሾልኮ የሚያይ ልጅ ደግሞ ዓይኑን እንዲጨፍን እንኳ የነገረው የለም። የፀሐይ መነጽር ለዚህ ብርሃን የተሠራ ባለመሆኑ ሊታመንበት አይገባም። ሰበታ የዓይንን ዋጋ በቅርብ የምታውቅ ከተማ ናት፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የተመሠረተው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ትውልድ እየተቀባበለ ዓይነ ስውራን ልጆችን ያስተማረው በዚያ ነው። የአርክ ቃጠሎ በራሱ ዘላቂ ዕውርነት የሚያስከትለው ከስንት አንዴ ቢሆንም፣ ብረት ከሚቆርጠው ግራይንደር ተፈናጥሮ ዓይን ውስጥ የሚሰካ የብረት ስባሪ ብርሃንን ለዘለቄታው ሊወስድ ይችላል።

እሳቱም እንደ ጨረሩ ዘግይቶ የሚመጣበት መንገድ አለው። የብየዳና የግራይንደር ፍንጣሪ እስከ 11 ሜትር ሊጓዝ እንደሚችል በእሳት መከላከያ ደንቦች ውስጥ የታወቀ ሲሆን፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ ያለ የተለመደ የኪራይ ክፍል የዚህን ርቀት ግማሽ እንኳ አይሰፋም፤ ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ፍንጣሪው የማይደርስበት ጥግ የለም ማለት ነው። በስፖንጅ ፍራሽ ስፌት፣ በችፑድ ኮርኒስ ስንጥቅ ወይም ከሳጥን ሥር በተከማቸ ጨርቅ ውስጥ የገባ ፍንጣሪ ያለ ነበልባል ሲብላላ ቆይቶ ማሽኑ ከተነቀለ፣ ሰውም እራት ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሊቀጣጠል ይችላል። ሥራው ካለቀ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በቦታው ቆሞ መጠበቅ የሙያው ደንብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምሽት ላይ ደክሞ ለጨረሰ ሰው ግን ከዚህ የሚከብድ ደንብ የለም።

ከብየዳው ስለሚነሣው ጭስ ደግሞ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ በመሆኗ፣ በክረምትና በጥቅምት ውርጭ በርና መስኮት ዘግቶ መሥራት ለበያጁ የምቾት ጉዳይ ይመስለዋልና። የቆርቆሮና የውሃ ቧንቧ ብረት እንዳይዝግ በዚንክ ይለበጣል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚተን፣ ብረቱ ገና ሳይቀልጥ ልባሱ ነጭ ጭስ ሆኖ ይነሣል። ይህን ጭስ በብዛት የሳበ ሰው ከጥቂት ሰዓታት በኋላ አፉን ብረት ብረት ይለዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ያተኩሰዋል፤ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል፤ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይሻለዋል። ሰውነት በሥራ ቀናት ጭሱን እየለመደ በዕረፍት ቀን ልማዱን ስለሚያጣ ሕመሙ በሳምንቱ የመጀመሪያ የሥራ ቀን ይበረታል፤ በሌላው ዓለም የሰኞ ትኩሳት መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። በደጋ ከተማ የሚኖር በያጅ ግን ብርድ መታኝ ብሎ ጋቢ ደርቦ ይተኛል፤ መንሥኤው ጠዋት የበየደው ቧንቧ መሆኑን የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም።

መድኃኒት ተብሎ የሚጠጣው ወተትም እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ነው። አቧራና ኬሚካል ባለበት ሥራ ላይ የሚውል ሰው ወተት ይጠጣ የሚለው ልማድ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ነው። ወተት ምግብ ነው፤ ለደከመ ሰው ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሆድ የሚወርደው መጠጥ ወደ ሳንባ የገባውን ጭስ የሚያገኝበት መንገድ ስለሌለው አንዱን ቅንጣት እንኳ አያወጣም። ጉዳቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልማዱን መንካት ባላስፈለገ ነበር፤ ዳሩ ግን ወተት የጠጣ ሰው ግዴታውን እንደ ተወጣ ስለሚሰማው መስኮቱን ሳይከፍት ይቀራል።

ከሁሉም የሚዘገየው ጉዳት ደግሞ ዓመታት የሚፈጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳን ጭስና ከብየዳ የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በኤሌክትሮድና በብረቱ ውስጥ የሚገኘው ማንጋኒዝ የተባለ ማዕድን ለረጅም ጊዜ ሲሳብ የነርቭ ሥርዓትን እየጎዳ የእጅ መንቀጥቀጥና የእርምጃ መወላገድ ሊያስከትል ይችላል። የትኛው ቀን፣ የትኛው በር፣ የትኛው ኤሌክትሮድ ይህን እንዳመጣ ለይቶ የሚያመለክት ሰው አይገኝም።

ቀኑ ሳይደርስ ማንም አይሞትም የሚለው የተለመደ ማጽናኛ ሊመረመር የሚገባው ከዚህ አንጻር ነው። ይህ አነጋገር አደጋን እንደ አንድ ክሥተት፣ በአንድ ሰዓት ወርዶ በአንድ ሰዓት እንደሚያልፍ ነገር አድርጎ ያስበዋል፤ ለመብረቅ ወይም ለመንገድ አደጋ ምናልባት ይስማማ ይሆናል። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም ጭስ ግን የራሱ ቀን የለውም፤ ቀኖች ሁሉ ቀኑ ናቸው። ሰው ሕይወቱ በፈጣሪ እጅ መሆኗን አምኖ እያንዳንዱን ቀን በምን እንደሚሞላው የመምረጥ ፈንታ እንደ ተሰጠው መካድ አይችልም፤ ይህን ከካደ የሠራውን መልካም ነገር ሁሉ የእርሱ አይደለም ማለት ይኖርበታል። ኅሊና በተፈጥሮው የሚማረው ድርጊትንና ውጤትን አጠገብ ለአጠገብ ሲያይ ነው፤ እጁን ያቃጠለ ልጅ ፍም ዳግመኛ አይነካም። ውጤቱ በሌሊት፣ በሳምንት ወይም በ20 ዓመት ሲዘገይ ግን ሕመም አስተማሪ መሆኑ ይቀራል፤ ቦታውን ሊተካ የሚችለው ዕውቀት ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ባለው ሥራ ላይ ማወቅ ራሱ የሥነ ምግባር ግዴታ ይሆናል።

ሁለተኛው ማመካኛ የነፃነት ነው፦ ቤቱ የራሴ፣ ዓይኑ የራሴ፣ ጉዳቱም የራሴ የሚለው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመው ስለ ነፃነት በተሰኘው ሥራው፣ ማኅበረሰብ አንድን ሰው ሊያስገድደው የሚገባው በሌላ ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ብቻ እንደሆነና ራሱን ብቻ በሚመለከት ነገር ግለሰቡ ባለሙሉ ሥልጣን እንደሆነ ተከራክሯል። ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ብቻውን በሜዳ ላይ ያለ ጭንብል የሚበይድን ጎልማሳ በግድ ማስቆም ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሚሠራ በያጅ ግን ክርክሩ አይጠቅምም። ከመጋረጃው ወዲያ ሕፃን ይተኛል፤ በጭቃ ወይም በነጠላ ብሎኬት ግድግዳ ማዶ ሌላ ተከራይ ከነቤተሰቡ ይኖራል፤ መስመሩ ከአንድ ቆጣሪ የተከፋፈለ ከሆነ አርኩ በተለኮሰ ቁጥር የጎረቤት አምፖል ይደክማል፤ አቅሙ ያልተመጠነ ሽቦም ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ተጠይቆ አልተስማማም፤ ሕፃኑማ ቢጠየቅም የሚመልሰው የለውም። ስለዚህ በቤት ውስጥ ብየዳ ላይ ራስን ብቻ የሚመለከት አደጋ የሚባል ነገር ለማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ግንዛቤ ለሃይማኖቶች አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቁጥር 8፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣራው ላይ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል። ጣራው የባለቤቱ ነው፤ የሚወድቀው እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ እንግዳው ባለመጠንቀቁ የራሱ ጥፋት ሊኖርበትም ይችላል፤ ሆኖም ዕዳው የቤቱ ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው አይሁዳዊ ሊቅና ሐኪም ሙሴ ማይሞኒደስ በታላቁ የሕግ መጽሐፉ ይህን ትእዛዝ ከጣራ አውጥቶ ለሕይወት አስጊ ወደሆነው ነገር ሁሉ አስፋፍቶታል፤ ከዚህም አልፎ ራሴን አደጋ ላይ ብጥል ለሌላው ምን አገባው የሚል ሰው ቅጣት እንደሚገባው ወስኗል። ሚል ነፃ የሚያወጣውን ሰው ማይሞኒደስ የሚቀጣበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በእርሱ ዘንድ ሕይወት ለሰው በአደራ የተሰጠች እንጂ በባለቤትነት የተያዘች አይደለችም። በኢትዮጵያ አማኝ ዘንድ፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ነፍስ አደራ ናት የሚለው ሐሳብ እንግዳ ስላልሆነ፣ የማይሞኒደስ መደምደሚያ ከሚል ይልቅ ለሰበታና ለቡራዩ ይቀርባል።

የእስልምና ሕግ ሊቃውንትም ጉዳትን ማድረስ የተከለከለ መሆኑን ከነቢዩ በተላለፈ ሐዲስ ላይ መሥርተው ስለ ጉርብትና ሰፊ ትምህርት አውጥተዋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኦቶማን መንግሥት የተዘጋጀው መጀለ የተባለው የሕግ መድበል ለከባድ የጎረቤት ጉዳት ምሳሌ አድርጎ ከጠቀሳቸው ነገሮች አንዱ፣ ከቤት ጋር ተያይዞ በተሠራ የብረት መቀጥቀጫ ምክንያት የጎረቤት ግድግዳ መናጋቱ ነው፤ እንዲህ ያለው ጉዳት መወገድ እንዳለበትም ይደነግጋል። የብረት ባለሙያና የጎረቤት ግድግዳ ጉዳይ ከመብራት መስመር ቀድሞ ሕግ አውጪዎችን ሲያሳስብ የኖረ መሆኑን ይህ ያሳያል።

ወደ እምነት ጥያቄ ሲመጣ፣ ጥንቃቄን የእምነት ጉድለት አድርጎ የሚያየው አስተሳሰብ የሚደገፍበት ቃል ብዙ ነው፤ በተለይ መዝሙረ ዳዊት 90፣ በሌላው አቆጣጠር 91፣ ስለ መላእክት ጥበቃ የሚናገረው፣ በብዙ የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ቤት ከሁሉ ይልቅ የሚደገም ነው። ነገር ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 እንደ ተጻፈው፣ ይህን መዝሙር ጠቅሶ ክርስቶስን ከቤተ መቅደስ ጫፍ ራስህን ወርውር ያለው ፈታኙ ነበር፤ ክርስቶስም ጥበቃውን ሳይክድ፣ ጌታን መፈታተን የተከለከለ መሆኑን ከኦሪት ጠቅሶ መለሰለት። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተስፋው ቃል እውነት ሆኖ ሳለ አጠቃቀሙ ሐሰት ይሆናል፤ የጥበቃ ተስፋ የተሰጠው በመንገዱ ለሚሄድ ሰው እንጂ ራሱን ወርውሮ ጥበቃውን ለሚያስገድድ ሰው አይደለምና። ባዶ ዓይኑን አርክ ለኩሶ እግዚአብሔር ይጠብቀኛል የሚል ሰው፣ ሳያስበው፣ ከመቅደሱ ጫፍ ላይ ቆሟል። ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊታመን ለፈለገ ሰው ነቢዩ ሙሐመድ አስቀድሞ እንዲያስር ከዚያም እንዲታመን እንደ መከሩት በቲርሚዚ የተላለፈው ሐዲስም ወደዚሁ ያመራል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 3 አደጋን የሚወድ ሰው በዚያው እንደሚጠፋ ያስጠነቅቃል።

በሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ውስጥ የሚገኘው ሐሳብ ለዚህ ክርክር ሌላ ድጋፍ ይሰጣል። መጽሐፉ በእርግጥ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ወይስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኢጣሊያዊው ሚሲዮናዊ በጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተጻፈ የሚለው ክርክር ከኢጣሊያዊው ምሁር ከካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልተዘጋም፤ ደራሲው ማንም ይሁን ማን ግን ሐሳቡ በራሱ ክብደት ይቆማል። ልቡና፣ ማለትም ለማስተዋል የተሰጠ የአእምሮ ብርሃን፣ የፈጣሪ ስጦታ ስለሆነ እርሱን አለመጠቀም ስጦታውን መናቅ ነው። ከዚህ የሚከተለው ለብየዳም ይሠራል። ጥቁሩን መስታወት ያስገኘው ልቡና ከሆነ፣ ልቡናም ከፈጣሪ ከሆነ፣ መስታወቱን ትቶ ጥበቃ መለመን አንዱን ስጦታ ጥሎ ሌላውን መጠየቅ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ወቀሳ በበያጁ ላይ ብቻ እንዳይወርድ የሙያውን ታሪክ ማስታወስ ተገቢ ነው። በኢትዮጵያ ደጋማ ማኅበረሰብ ውስጥ ብረት ቀጥቃጩ ለዘመናት ጠይብና ቡዳ እየተባለ ተገልሏል፤ በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባልበት ነበር፤ ማረሻውና ማጭዱ ግን ከእጁ ይፈለግ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከልክለዋል፤ አዋጁ የንቀቱን ስፋትም ይመሰክራል። ዛሬ ብየዳ ወጣቶች በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የሚማሩት፣ ቤት የሚያስተዳድሩበት ሙያ ሆኗል፤ ነገር ግን የቀድሞው አመለካከት አንድ ቅሪት ትቶ ያለፈ ይመስላል፤ ይኸውም ሥራውን እየፈለጉ ስለ ሠሪው አካል ያለመጠየቅ ልማድ ነው። በዓይኑ ሰው ይጎዳል ተብሎ የተፈራው ባለሙያ ዕድሜውን ሙሉ የገዛ ዓይኑን ሲያስጎዳ ማንም አልጠየቀም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው መጽሐፈ ሲራክ በዚህ ረገድ ከብዙ ኋለኞች ይልቅ ርኅሩኅ ነው፤ በምዕራፍ 38 የብረት ባለሙያውን በመስፍ አጠገብ ተቀምጦ፣ የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን እያከሳው፣ የመዶሻው ድምፅ ጆሮውን እየደነቆረው ይስለዋል፤ እንደ እርሱ ያሉ ባለሙያዎች ባይኖሩ ከተማ እንደማይኖር ይመሰክርለታል፤ ሥራቸውንም ከጸሎት ይቆጥርላቸዋል። ሥራ ጸሎት ከሆነ የሚሠራበት ቦታ ንጽሕና ከጸሎቱ ሥርዓት አይለይም።

እንግዲህ ወርክሾፕ የሌለው፣ በአንድ ክፍልና በጠባብ ግቢ የሚኖር በያጅ ምን ማድረግ ይችላል? በሚተኛበት ክፍል ውስጥ አለመበየድ የመጀመሪያውና ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጠው ነገር ነው፤ በአራት ቋሚ ላይ የተዘረጋ ቆርቆሮ ያለው፣ ቢያንስ ሁለት ጎኑ ክፍት የሆነ ዳስ ዝናቡን ከልክሎ ጭሱን ያወጣል፤ በልጆች መተላለፊያ በኩል የሚቆም አሮጌ ላሜራ ደግሞ ብርሃኑን ይጋርዳል። ነፋሱ ወይም ቬንቲሌተሩ ጭሱን ከአፍንጫ ወደ ውጭ እንዲወስድ አድርጎ መቆም፣ ጭሱ በሚወጣበት መስመር ላይ አለመጎንበስ ወጪ አይጠይቅም። በዚንክ የተለበጠውን ብረት ከሚበየድበት ጠርዝ ዙሪያ ልባሱን ጠርጎ፣ ያም አቧራ እንዳይሳብ አፍንጫን ሸፍኖ፣ በክፍት ቦታ ብቻ መሥራት ይገባል፤ ተራው የጨርቅ ማስክ ግን የብየዳን ጭስ እንደማይዝ መታወቅ አለበት። እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ መበየድ፣ የተላጠ ኬብል መጠቀም፣ የምድር ሽቦ በሌለበት ማሽኑን መሰካት በእያንዳንዱ ቀን ሞትን መጋበዝ ነው፤ ደረቅ ጫማና ከእግር በታች የሚነጠፍ ደረቅ ጣውላ ብዙ ይረዳሉ። ናይለን ልብስ በፍንጣሪ ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ወፍራም የጥጥ ቱታ ይመረጣል። ቡታጋዝ፣ ላምባና የቀለም ማቅጠኛ ባሉበት ክፍል ግራይንደር እንኳ መነሣት የለበትም።

በርሜልን በተመለከተ ለብቻው መናገር ግድ ይላል። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበት በርሜል ከላይ ሲታይ ባዶ ቢሆንም በውስጡ የቀረው ተን ከአየር ጋር ተደባልቆ በአንድ ፍንጣሪ ሊፈነዳ ይችላል፤ ለውሃ ማጠራቀሚያ ወይም ለምድጃ እንዲሆን ተብሎ እንዲህ ያለ በርሜል በመኖሪያ ግቢ ውስጥ መቁረጥ ምንም ልምድ፣ ምንም ጸሎት የማያስፈቅደው ነገር ነው። ሕፃን በግቢው ውስጥ ካለ ደግሞ ይህ ስሕተት መባሉ ቀርቶ ኃጢአት ሊባል የሚገባው ነው።

የአገሪቱ ሕግ ይህን ሸክም በከፊል ይጋራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአሠሪው ላይ የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅና መከላከያ የማቅረብ ግዴታ ይጥላል፤ ይህ ግዴታ ግን በሥራ ውል ላይ የተመሠረተ በመሆኑ በገዛ ቤቱ ለራሱ የሚሠራውን በያጅ፣ ከመጋረጃ ወዲያ ያለውን ሕፃንም አያገኛቸውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት በሚናገርበት ክፍል፣ በአንቀጽ 2069፣ እጅግ አደገኛ የሆነ ሥራ የሚሠራ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ በሌላ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። የአንድ ክፍል ብየዳ በዚህ አንቀጽ ሥር ይወድቃል ወይስ አይወድቅም የሚለውን ዳኛ ይወስነዋል፤ የአንቀጹ መንፈስ ግን ከኦሪቱ የጣራ መከታ ብዙ አይርቅም። ያም ሆኖ ካሣ ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ነገር ነው፤ የጎረቤት ቤት ከተቃጠለ ወዲያ ከድኻ በያጅ ምን ካሣ ይገኛል?

ከባዱ ተቃውሞም ከዚህ ይነሣል። ኪራይ የሚከፍል፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ዳስ የሚጥልበት መሬት፣ ጥሩ ጭንብል የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ያምጣ? ድኽነት ምርጫን ካጠበበ ጥፋትንም ያጠብበዋል። ተቃውሞው እውነት ነው፤ ነገር ግን ጥፋቱ ከበያጁ ትከሻ ሲነሣ ወደ ማንም ሳያልፍ አየር ላይ አይቀርም። በከፊል ወደ አከራዩ ይተላለፋል፤ ክፍሉን ለመኖሪያም ለሥራም ሲያከራይ ምን እንደሚሠራበት ያውቃልና፣ በግቢው ጥግ ዳስ እንዳይጣል የሚከለክል አከራይ ብየዳውን ወደ መኝታ ክፍል እየገፋው ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን ወደ ደንበኛው ይተላለፋል። የግቢ በር የሚያሠራ ሰው የሚገዛው ለቤተሰቡ ደኅንነትን ነው፤ በሩ በሌላ ቤተሰብ መኝታ አጠገብ ተበይዶ ከመጣ ግን የእርሱ ልጆች ደኅንነት የተገኘው በሌላው ልጆች ዓይንና ሳንባ ነው። ዋጋ ሲከራከር ከሚቀንሳት ገንዘብ ውስጥ የጭንብሉና የኬብሉ ዋጋ አለበት፤ ለነገ ይድረስልኝ ሲል በያጁ በሌሊት፣ በር ዘግቶ፣ እሳቱን ግማሽ ሰዓት ሳይጠብቅ እንዲተኛ እያስገደደው ነው።

ስለዚህ ደንበኛው ከማዘዙ በፊት በሩ የት እንደሚበየድ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። የራሱ ግቢ ሰፊና ክፍት ከሆነ፣ ልጆቹንም ማራቅ ከቻለ፣ ቱቦላሬውና ላሜራው ተለክቶና ተቆርጦ መጥቶ በዚያው እንዲበየድ ሊፈቅድ ይገባል፤ ለመጓጓዣውና ለተጨማሪው ቀን መክፈልም በዋጋው ውስጥ ተካትቶ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። በያጁም በበኩሉ ከመኝታ ክፍሉ ውጭ የሚሠራበት ቦታ እስኪያገኝ ድረስ በዚንክ የተለበጠ ብረት፣ በመኖሪያ ግቢ ደግሞ ምንጊዜም የነዳጅ በርሜል አልቀበልም የማለት መብቱን እንደ ሙያው አካል ሊይዘው ይገባል።